የደሴና የኮምቦልቻ ሰርቨሮቻችንን ላስማማልን ባለሙያ ምስጋና፣ ለሚፈልገውም ጥቆማ

ይህን የምጽፈው በደሴና በኮምቦልቻ ሥራቸውን በኮምፒውተር ለሚያካሂዱ ክሊኒኮች፣ ጅምላ አከፋፋዮችና የቁጠባ ማኅበራት አንድ ባለሙያ ለመጠቆም፣ እሱንም በአደባባይ ለማመስገን ነው። ስሙ በይፋ እንዳይጻፍ ስለለመነኝ ፈቃዱን አከብራለሁ፤ ሥራውን ግን በዝርዝር መናገር ይገባኛል።

እኛ መድኃኒት በጅምላ የምናከፋፍል ነን። የሽያጭ ቢሮአችን ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ ዋናው መጋዘናችን ኮምቦልቻ ነው፤ በሁለቱም ቦታ ደረሰኝ ይቆረጣል። አምና ክረምት የነበረን አሠራር ስንሰማው የተሟላ ይመስል ነበር። መዝገባችንን የሚይዘው ዋናው ኮምፒውተር (ሰርቨር) ደሴ፣ ተጠባባቂው ኮምቦልቻ ሆኖ፣ ተጠባባቂው በየጥቂት ሰከንዱ ዋናውን «አለህ?» እያለ ይጠይቃል፤ መልስ ካጣ ራሱ ዋና ይሆናል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መስመር ተቋረጠ። የደሴው ሰርቨር ምንም አልሆነም ነበር፤ የኮምቦልቻው ግን መልስ ስላጣ ሞቷል ብሎ ቦታውን ያዘ። ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሁለቱም ዋና ነን ብለው ሸጡ። አርባ ካርቶን ግሉኮስ ደሴ ላይ ለአንድ ጤና ጣቢያ፣ ያው አርባ ካርቶን ኮምቦልቻ ላይ ለአንድ የግል ክሊኒክ ተሸጠ፤ ሁለቱም ሰርቨሮች ከአንድ የመጨረሻ ቁጥር ተነስተው ስለቆጠሩ የደረሰኞቹ ቁጥር እንኳ አንድ ዓይነት ነበር። መስመሩ ሲመለስ የትኛው መዝገብ እውነተኛ እንደሆነ የሚነግረን ነገር አልነበረም። ለማስታረቅ ዘጠኝ ቀን በእጅ ሠርተናል፤ ክሊኒኩንም ይቅርታ ጠይቀን ገንዘቡን መልሰናል።

ይህ ወጣት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተር አልከፈተም፤ ከእኔ፣ ከሒሳብ ሠራተኛዋና ከመጋዘን ኃላፊው ጋር ቁጭ ብሎ «ጋሼ፣ ሲስተሙ ስንት ደቂቃ ቢቆም ትችላላችሁ? ከተቆረጡት ደረሰኞችስ ስንቱ ቢጠፋ ትችላላችሁ?» ሲል ጠየቀን። ሩብ ሰዓት መቆም እንደምንችል፣ ደረሰኝ ግን አንድም እንዲጠፋ እንደማንፈልግ ነገርነው። ከዚያ በኋላ የሠራው ሁሉ የተቀዳው ከዚህ መልስ ነው።

ቀጥሎ ያስረዳን ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሁለት ማሽኖች ብቻ ካሉ፣ አንዱ ጓደኛው ሞቶ ይሁን ወይም በመካከላቸው ያለው መንገድ ተቆርጦ ይሁን ለይቶ ማወቅ አይችልም፤ በሁለቱም ጊዜ የሚሰማው ዝምታ ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። አበጋር መሃል ገብቶ ጠብ ሲያበርድ አይተን ላደግን ለእኛ ነገሩ ወዲያው ገባን። አዲስ አበባ ላይ አንድ ትንሽ ሰርቨር ተከራየ፤ በእሱ ላይ የእኛ መዝገብ የለም፣ ሥራው ድምፅ መስጠት ብቻ ነው። ከሦስቱ የሁለቱን ድምፅ ያላገኘ ማሽን ዋና ሊሆን አይችልም። ሁለቱም ቦታ ከፋይበሩ ሌላ በሞባይል ኔትወርክ የሚሠራ ሁለተኛ መስመር አስገባ፤ ድምፁ በአንድ ሽቦ መቆረጥ እንዳይጠፋ ነው።

ዋናው ሰርቨር ሥልጣኑን የሚይዘው በ30 ሰከንድ ፈቃድ ሲሆን በየ10 ሰከንዱ ያሳድሰዋል። ማሳደስ ካቃተው፣ ምንም ያህል ጤነኛ ቢሆን፣ ጊዜው ከማለቁ በፊት ራሱ መጻፍ ያቆማል፤ ተጠባባቂውም የሚሾመው ፈቃዱ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው። መዝገቡ የሚቀመጠው ፖስትግሬስ በተባለ የመዝገብ ማስቀመጫ (ዳታቤዝ)፣ ይህን ሹም ሽር የሚመራው ደግሞ ፓትሮኒ በተባለው ሶፍትዌር ነው፤ ሁለቱም ክፍያ የማይጠየቅባቸው ናቸው። እንዲያውም እኔ ውድ ሰርቨር ልገዛ ተዘጋጅቼ ሳለ «የእናንተ ችግር የማሽን ጉልበት አይደለም» ብሎ ከለከለኝ፤ በምትኩ መብራት ሲጠፋ ሰርቨሮቹን የሚያቆዩትን ያረጁ የዩፒኤስ ባትሪዎች አስቀየረኝ።

ደረሰኝ እንዳይጠፋ ያደረገው ነገር ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ደሴ ላይ የተቆረጠ ደረሰኝ ኮምቦልቻም መጻፉ ሳይረጋገጥ ለሻጯ «ተመዝግቧል» አይላትም። መስመሩ ተቋርጦ ተጠባባቂው ወደ ኋላ ከቀረ ዋናው ብቻውን መሥራቱን ይቀጥላል፤ ያ ተጠባባቂ ግን የቀረውን ሁሉ እስኪያሟላ ድረስ ለመሾም ብቁ አይደለም። በዚህ መሃል ዋናው ቢወድቅ ሁሉም ቆሞ ሰው ይወስናል፤ ማን ለማን ደውሎ ምን ማረጋገጥ እንዳለበት የሚገልጸው ወረቀት በሁለቱም ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ከመስመር ውጪ የሆነው ቢሮ በእጅ ደረሰኝ ይሠራል። መጀመሪያ ላይ ይህን ተቃውሜ ነበር፤ ሆኖም ለአንድ ሰዓት በካርቦን ወረቀት መጻፍና ለዘጠኝ ቀን ሁለት መዝገብ ማስታረቅ ምን ያህል እንደሚራራቁ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ይህ የእኛ የትንንሾቹ ችግር ብቻ እንዳልሆነም በምሳሌ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 2018 ጊትሐብ የተባለው የዓለም ሶፍትዌር ሠሪዎች መገናኛ በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ባለው የኔትወርክ መገናኛውና በዚያው ባለው ዋና ዳታ ማዕከሉ መካከል ያለው ግንኙነት ለ43 ሰከንድ ተቋረጠበት፤ የሹም ሽሩ ሶፍትዌር በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ያሉትን ዳታቤዞች ዋና አድርጎ ሾመ፣ በምሥራቁ በኩል ግን ገና ወደ ምዕራብ ያልተላለፉ ምዝገባዎች ቀርተው ነበር። አገልግሎቱ ወደ ሙሉ ጤናው የተመለሰው ከ24 ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው።

ርክክቡ እሑድ ጠዋት ነበር። የደሴውን ሰርቨር መሰኪያ እኔው እንድነቅል ጠየቀኝ። እጄ ሶኬቱ ላይ ሆኖ ለጥቂት ጊዜ አመነታሁ፤ «አብሽሩ ጋሼ፣ ዛሬ ካልነቀላችሁት አንድ ቀን መብራት ይነቅለዋል» አለኝ። ነቀልኩት። አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች፤ ኮምቦልቻ ያለችው ሻጫችን በስልክ መስመር ላይ ሆና ትጠብቃለች። በሰዓቴ 47 ሰከንድ ስቆጥር «ገባ፣ ደረሰኙ ወጣ!» ስትል ሰማሁ። በዚህ ደስ ብሎኝ ሳለ ሁለተኛውን ፈተና አመጣ። ሁሉን ወደ ቦታው መልሶ፣ በዚህ ጊዜ ኃይሉን ሳይሆን የኔትወርክ ገመዶቹን ብቻ አስነቀለኝ። ማሽኑ በርቷል፣ ማራገቢያው ይሽከረከራል፣ ዲስኩ ይሠራል። በራሱ ስክሪን ላይ ደረሰኝ ለመመዝገብ ስንሞክር ግን እምቢ አለ። አምና ያጣነው ይህንን እምቢታ ነበርና በእውነት ዓይኔ እንባ አቀረረ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎች እንደ እኔ ተጠባባቂ ሰርቨር ካለ ባክአፕ (መዝገብ ሲጠፋ የሚመለስበት ቅጂ) አለ ብለው ያስባሉ። ነገር ግን ሠራተኛ በስህተት ከመዝገቡ የሰረዘው ዕቃ ከተጠባባቂውም ወዲያው ይሰረዛል። ስለዚህ ሌሊት ሌሊት የተለየ ቅጂ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ ባለሙያው በወር አንድ ጊዜ ከቅጂው ላይ መዝገቡን በሌላ ኮምፒውተር አስነስቶ ያሳየናል። የወደቀው ሰርቨር ሲነሳም በራሱ ወደ ሥልጣኑ አይመለስም፤ ተጠባባቂ ሆኖ ይገባል፣ የሚመለሰውም ገበያ በማይኖርበት ሰዓት በእኛ ውሳኔ ነው።

ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጅቷል፤ ከተስማማንበት ዋጋ አንድ ብር አልጨመረም። ሥራ ላይ እያለ ስልክ ስለማያነሳ መልእክት ጽፎ መተው ይሻላል፤ ማታ ይመልሳል። የሚፈልገው ሰው በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ አስፈቅጄው ስልኩን እሰጣለሁ። ከመምጣቱ በፊት ግን ሁለቱን ጥያቄዎቹን፣ ስንት ደቂቃ መቆምና ስንት ደረሰኝ ማጣት እንደምትችሉ፣ ከሒሳብ ክፍላችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ጠብቁት።