ስለ ሩት ቢር መሥሪያው ሣጥን፦ ቀን አትቁጠሩ፣ ጠርሙሱን ጨብጡት

የ10 ዓመቱ ልጄ፣ ሩት ቢር የሚባለውን ጋዝ ያለው ጣፋጭ የአሜሪካ መጠጥ ቤት ውስጥ ለመሥራት ከገዛሁት ሣጥን ያወጣትን ትንሽ ብልቃጥ ከፍቶ አሸተተና «እማዬ፣ ይህ እኮ የአያቴ የወገብ ቅባት ነው!» አለኝ። እውነቱን ነው። ፋርማሲስት ስለሆንኩ ሽታውን በሩቁ አውቀዋለሁ፤ ሜቲል ሳሊሲሌት ይባላል። ዊንተርግሪን ከሚባል ተክል ቅጠል ይገኛል፤ ለጡንቻ ሕመም በሚቀቡ መድኃኒቶች ውስጥም ይገባል። ሩት ቢር የሚታወቅበትን ጣዕም ከሚሰጡት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ልጄ በአፍንጫው ብቻ እዚህ መድረሱን ሳይ፣ ሣጥኑን በመግዛቴ ገና ሳንጀምር ደስ አለኝ።

የመጠጡ ስም የመጣው ከዛፍ ሥር ነው፤ «ሩት» በእንግሊዝኛ ሥር ማለት ነው። ቀድሞ ሳሳፍራስ ከሚባለው የሰሜን አሜሪካ ዛፍ ሥር ይፈላ ነበር። በሥሩ ዘይት ውስጥ ያለው ሳፍሮል የላብራቶሪ አይጦችን ጉበት እንደሚጎዳ ከታወቀ በኋላ ግን በ1960 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በምግብና በመጠጥ እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ ብልቃጡ ላይ «ከሳፍሮል ነፃ» የሚለውን ጽሑፍ ፈልጌ አነበብኩ፤ እናንተም አንብቡ። መጠጡን በሰፊው ያስተዋወቀው የፊላደልፊያው ቻርልስ ሃየርስም ፋርማሲስት ነበር። ሰዎች በየቤታቸው እንዲያፈሉት የደረቀ ሥርና ቅጠል አሽጎ ይሸጥ ነበርና፣ የዛሬው ሣጥን የዚያ እሽግ የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወደ 400 ግራም ስኳር በ4 ሊትር ውሃ ይሟሟል፤ ቅመሙ ይጨመራል፤ ውሃው ለብ ሲል ሩብ የሻይ ማንኪያ እርሾ ይገባና በ8 የፕላስቲክ ጠርሙሶች ይሞላል። ትኩስ ውሃ እርሾውን ስለሚገድለው እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

ቅሬታዬ መመሪያው ላይ ነው። «በክፍል ሙቀት 4 ቀን አስቀምጡ» ይልና ዝም ይላል። የየትኛው ክፍል ሙቀት? እኛ ስድስቱን ጠርሙሶች ምድጃው አጠገብ፣ ሁለቱን ቀዝቃዛ ዕቃ ቤት ውስጥ አደረግን። ልጄ ጠዋትና ማታ እየጨበጠ በደብተሩ ጻፈ። በመጀመሪያው ጠዋት የምድጃው ጠርሙስ ጎን በአውራ ጣቱ ይጎደጉድ ነበር። ማታ ጣቱን መለሰው። በሁለተኛው ቀን ማታ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ስለነበር አምስቱን ወደ ማቀዝቀዣ አስገባን። የዕቃ ቤቶቹ እዚያ ለመድረስ አራት ቀን ሙሉ ፈጀባቸው። እርሾው ስኳሩን በልቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ጋዙ መውጫ ሲያጣ መጠጡ ውስጥ ይሟሟል፤ ሙቀት ደግሞ እርሾውን ያፈጥነዋል። ይህን በቃል ከምነግረው ይልቅ እጁ ነገረው።

ለሙከራ ብለን ምድጃው አጠገብ እስከ አራተኛው ቀን የተውነው አንድ ጠርሙስ ሲከፈት ግማሹ አረፋ ሆኖ ፈሰሰ። በመስታወት ጠርሙስ ቢሆን ኖሮ ሊፈነዳ ይችል ነበር። ይህን ማስጠንቀቂያ መመሪያው ከጀርባው በደቃቅ ፊደል ማስቀመጡ ጥፋት ነው፤ ቦታው የመጀመሪያው መስመር ነበር። እርሾው ጥቂት አልኮል እንደሚያወጣም አንድ ቃል አልተጻፈም። ቶሎ ከቀዘቀዘ መጠኑ በጣም አነስተኛ ነው፤ ቢሆንም አልኮል ጨርሶ የማይነካ ቤተሰብ አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

ጣዕሙ? ቫኒላው ጎልቶ ይሰማል፤ መጨረሻ ላይ ትንሽ የእርሾ ቃና ይቀራል። ከሥር የሚዘቅጠው አተላ እንዳይበጠበጥ ቀስ ብላችሁ ቅዱት። አይስክሬም ሲጨመርበት አረፋው እስከ ብርጭቆው አፍ ይነሳል፤ ልጄ ሁለት ብርጭቆ ጠጣ።

ጠርሙሶቹ ጠንካሮች ናቸው፤ ታጥበው እንደገና ያገለግላሉ። ከስምንት ዓመት በላይ ላለ ልጅ፣ አዋቂ አጠገቡ እስካለ ድረስ፣ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ሣጥኑ ውስጥ ሁለተኛ የእርሾ ከረጢት አለ። ልጄ በደብተሩ «ስኳሩን በግማሽ ብንቀንሰውስ በስንት ቀን ይጠነክራል?» ብሎ ጽፏል፤ ቅዳሜ እንሞክረዋለን።