ኮንዶዬን ያለ ሻጭ ኤጀንት የሸጥኩበት የ399 ዶላር አገልግሎት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ያለችውን ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶዬን ባለፈው ሚያዝያ በ285,000 ዶላር ሸጥኩ። ሦስተኛ ልጅ ሲመጣ ጠበበችን። መጀመሪያ ያነጋገርኩት ኤጀንት የገዢውን ኤጀንት ድርሻ ጨምሮ 5 በመቶ ኮሚሽን አለኝ። 14,250 ዶላር ማለት ነው። የኮንዶ ፊዬ (ለሕንፃው አስተዳደር የምከፍለው ወርሃዊ ክፍያ) 512 ዶላር ነበር፤ ወደ 28 ወር የሚጠጋ ክፍያ በአንድ ቀን ሊሄድ ነው። አልቻልኩም።

ስለዚህ አንድ ጊዜ 399 ዶላር ተቀብሎ ቤት ብራይት ኤምኤልኤስ (ኤጀንቶች የሚሸጡ ቤቶችን የሚያወጡበት የአካባቢው የጋራ መዝገብ) ላይ የሚያወጣ ድርጅት ያዝኩ። ዚሎው በተባለው የቤት መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ባለቤቱ ራሱ በነፃ ማውጣት ይችላል። ገዢ ይዘው የሚዞሩ ኤጀንቶች የሚፈልጉት ግን ኤምኤልኤስ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ አባል ያልሆነ ሰው አይገባም። ገንዘቡ የሚከፈለው ለዚህች በር ነው። ፎርሙን ሞላሁ፣ 25 ፎቶ ላክሁ፣ በሁለተኛው ቀን ወጣልኝ። እስከዚህ ድረስ ቃላቸውን ጠብቀዋል።

ከዚያ በኋላ ግን ብቻዬን ነበርኩ። ሦስተኛ ፎቅ ያለውን ቤት አንደኛ ፎቅ ብለው ጻፉት፤ ለማስተካከል ሁለት ቀን ፈጀባቸው፣ ያውም ቅዳሜና እሁድ። ስልክ አያነሱም፣ በኢሜይል ብቻ ነው። ቤት ለማየት የሚደውለው ሁሉ እኔ ላይ ነው የሚደውለው። የሌሊት ፈረቃ የምሠራ ነርስ ነኝ፤ ባለቤቴ በር ባይከፍትልኝ ኖሮ አይሆንም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ያለ ኤጀንት» ማለት ያለ ኮሚሽን ማለት አይደለም። ከነሐሴ 2024 ጀምሮ የገዢ ኤጀንት ክፍያ ኤምኤልኤስ ላይ አይጻፍም። ግን ኦፈሩ (የገዢው የግዢ ጥያቄ) ሲመጣ አብሮ ይመጣል። ኮንዶዬን የገዛችው ሴት ኤጀንት 2.5 በመቶ ሻጭ ይክፈለኝ ብሎ መጣ። ተከራክሬ 2 በመቶ ላይ ተስማማን፤ 5,700 ዶላር።

ውሉን ለጠበቃ አሳየሁት፣ 600 ዶላር። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይህ ነው። ገዢዋ በሜሪላንድ ቤት ስትገዛ የመጀመሪያዋ ነበር። የስቴቱ የስም ማዛወሪያ ታክስ 0.5 በመቶ የነበረው ለእንዲህ ያለ ገዢ ወደ 0.25 ይወርዳል፤ ያቺን ግን ሻጭ ነው የሚከፍላት። ኮንዶዋ ያለችበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ 1 በመቶ የማዛወሪያ ታክስና የሰነድ ምዝገባው ታክስ ደግሞ ውሉ ላይ ሌላ ነገር ካልተጻፈ ሙሉ በሙሉ ሻጩ ላይ ይወድቃሉ። እኔ ልማዱ ግማሽ በግማሽ ስለሆነ በቃ እንደዚያው ይሆናል ብዬ ነበር። ጠበቃዋ ግማሽ በግማሽ ይከፈላል የሚል አንድ መስመር ውሉ ላይ አስጨመረች። ከካውንቲው ታክስ ብቻ 1,425 ዶላር ዳነልኝ።

ያጠፋሁትም አለ። ለገዢ የሚሰጠውን የኮንዶውን ሰነድ (የሕንፃውን ደንብና ሒሳብ የሚያሳየውን) ዘግይቼ አዘዝኩ። 350 ዶላር ነበር፤ ለማስቸኮል 100 ጨመርኩ። ገዢዋ ሰነዱን ከተቀበለች በኋላ በሰባት ቀን ውስጥ ውሉን የማፍረስ መብት አላት። እነዚያን ሰባት ቀናት እንቅልፍ አልነበረኝም። ቤታችሁን ገበያ በምታወጡበት ሳምንት እዘዙት።

የክሎዚንግ ድርጅቱ (ሽያጩን የሚያጠናቅቀው) ክፍያ ኤጀንት ኖረም አልኖረም አይቀርም፤ አልቆጥረውም። ኤምኤልኤስ ላይ ለማውጣት የከፈልኩት 399፣ ጠበቃዋና የገዢዋ ኤጀንት ሲደመሩ 6,699 ዶላር ሆኑ። ከ14,250 ሲቀነስ 7,551 ቀረልኝ። ሰዎች ሲያወሩ እንደምሰማው 14 ሺህ አይደለም፤ ግን ለልጆቼ ትልቅ ገንዘብ ነው።

ለድርጅቱ ከአምስት ሦስት ኮከብ እሰጣለሁ። የሸጡልኝን ነገር አድርሰዋል፤ የፎቁ ስህተት ግን የመጀመሪያውን ቅዳሜና እሁድ አሳጥቶኛል። ቀን ቀን ቤት የሚውል ሰው ካላችሁና ጠበቃ ለመያዝ ካልሳሳችሁ ተጠቀሙበት። ከስቴት ውጭ ሆናችሁ ባዶ ቤት የምትሸጡ ከሆነ ግን በር ከፋችም ስለሌላችሁ ሙሉ ኤጀንት ያዙ።