ባለ ሦስት ቋት የሙሉ ቤት የውኃ ማጣሪያ፦ ማጣራቱ መልካም፣ መጋጠሚያው ደካማ

በዋናው የውኃ መስመር ላይ ተገጥሞ ወደ ቤቱ የሚገባውን ውኃ በሙሉ የሚያጣራው ይህ ባለ ሦስት ቋት ማጣሪያ ከእኛ ጋር ቆየት ብሏል። በማጣራቱ በኩል የምነቅፈው ነገር የለኝም። የመጀመሪያው ቋት ደለሉንና የዝገቱን ብናኝ ይይዛል፤ ካርቦን ያለባቸው ሁለቱ ደግሞ የክሎሪኑን ሽታና ጣዕም ይቀንሳሉ፤ የሻወሩ ራስ በአሸዋ መደፈኑም ቀርቷል። ይህ ግምገማ የሚያተኩረው ግን ካርቶኑም ሆነ መመሪያው በቅጡ በማያነሡት ጉዳይ ላይ ነው፤ እርሱም ማፍሰሱ ነው። አምራቹ ማጣሪያው ስለሚይዘው የ5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ብናኝ በየገጹ ሲያወራ፣ ውኃውን በቋቱ ውስጥ አፍኖ ስለሚይዘው የጎማ ቀለበት የጻፈው ከሁለት መስመር አይበልጥም።

የዚያን ቀለበት ሥራ አቅልሎ ማየት አይገባም። የውስጥ ስፋቱ 14 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቋት 4 ባር ግፊት ባለበት መስመር ላይ ሲገጠም፣ ውኃው ቋቱን ከክዳኑ ለማላቀቅ ከ600 ኪሎ ግራም በላይ በሆነ ኃይል ወደ ታች ይገፋዋል። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት የፕላስቲክ ጥርሶቹ ሲሆኑ፣ ውኃው በመካከላቸው እንዳያመልጥ የሚከለክለው ግን ከትንሽ ጣት የቀጠነው ጎማ ነው። የእኛ ማጣሪያ ማንጠባጠብ የጀመረው ካርትሪጁ (በቋቱ ውስጥ የሚቀመጠው፣ በየጊዜው የሚለወጠው ማጣሪያ) በተለወጠ ማግስት ነበር። ቋቱ ሲፈታ ቀለበቱ በአንድ በኩል ከማረፊያ ቦዩ ወጥቶ፣ በቋቱና በክዳኑ መካከል ተቆንጥጦ፣ ያ ጎኑ ተደፍጥጦ ተገኘ። በቦዩ ውስጥ ደግሞ ጥቂት የአሸዋ ቅንጣቶች ተጋግረው ይታዩ ነበር፤ አንዲት ቅንጣት ጎማውን በፀጉር ውፍረት ያህል ካነሣችው ውኃው ያንኑ ቀዳዳ ተከትሎ ይወጣል።

ስለዚህ ካርትሪጅ በተለወጠ ቁጥር ቀለበቱን አውጥቶ መመልከት፣ ቦዩን በንጹሕ ጨርቅ መጥረግና ለመጠጥ ውኃ ዕቃዎች የተፈቀደ የሲሊኮን ቅባት በስሱ መቀባት የግድ ነው። ብዙ ሰው በእጁ የሚገኘውን ቫዝሊን ይቀባል፤ ቫዝሊን የነዳጅ ዘይት ውጤት በመሆኑ ኢፒዲኤም የተባለውን የጎማ ዓይነት ያሳብጠዋል፤ ቀለበቱ ከየትኛው ጎማ እንደተሠራ ደግሞ በማሸጊያው ላይ አልተጻፈም። ከዕቃው ጋር የሚመጣው ትልቁ መፍቻም በዋናነት ለመፍታት የተሠራ ነው እንጂ አጥብቆ ለማሰር አይደለም። ውኃ ሲንጠባጠብ መፍቻ አንሥቶ ማጥበቅ የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን የተቆነጠጠ ቀለበት ሲጠብቅ ይብስበታል፣ ክዳኑም ያለ አግባብ ይወጠራል። ትክክለኛው መንገድ የመግቢያውን ቫልቭ ዘግቶ፣ ግፊቱን አስተንፍሶ፣ ቋቱን አውርዶ ከመጀመሪያው መግጠም ነው። ካርትሪጁ መሐል ለመሐል ባለመቀመጡ ብቻ ቋቱ እስከ መጨረሻው ሳይዞር የሚቀርበት ጊዜም አለ።

ከቀለበቱ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን የመግቢያና የመውጫው አፍ ነው። በዚህ ሞዴል አፉ ከነጥርሱ ፕላስቲክ ነው። የብረት መጋጠሚያ ጥርስ ወደ ጫፉ እየጠበበ የሚሄድ በመሆኑ፣ በዞረ ቁጥር የፕላስቲኩን አፍ ከውስጥ ወደ ውጭ እየለጠጠ ይገባል፤ ላዩ ላይ ቴፍሎን (ማፍሰስን የሚከለክለው ስስ ጥብጣብ) በብዛት ሲጠመጠምበት ደግሞ ጫናው ይጨምራል። የገጠመልን ባለሙያ «ጋሼ፣ አንድ ዙር ብቻ ልጨምርለት» ሲል ምንም የተሰማ ድምፅ አልነበረም። ስንጥቁ የታየው ሰንበት ብሎ ነው፤ ከአፉ ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ክዳኑ የሚሄድ ነጭ መስመር ሆኖ፣ መጀመሪያ ያዣል፣ ቀጥሎ ያንጠባጥባል። እንዲህ የተሰነጠቀ ክዳን በማጣበቂያ አይድንም፤ ይለወጣል። ወደ አፉ የሚገባው መጋጠሚያ የፕላስቲክ ቢሆንና ከእርሱ ቀጥሎ ዩኒየን (ቧንቧው ሳይዞር የሚፈታና የሚታሰር መጋጠሚያ) ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። የቧንቧው ክብደትም በክዳኑ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም፤ ማጣሪያው በራሱ ማቀፊያ ግድግዳው ላይ፣ ቧንቧውም በራሱ ክላምፕ መያዝ አለባቸው።

በክዳኑ አናት ላይ ያለችው ቀይ የማስተንፈሻ ቁልፍም አልፎ አልፎ ታንጠባጥባለች፤ ይህ ቀላሉ ነው። ሥሯ ያለችው ትንሽ ጎማ ቆሻሻ ስትይዝ ነው፤ ተፈትታ ስትጸዳ ይቆማል።

ስለ ግፊት መመሪያው ያለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ማጣሪያው እስከ 6 ባር እንደሚችል ይገልጻል። ጉዳዩ ግን በዚህ አያበቃም። ሌሊት ውኃ የሚጠቀም ሰው ሲያንስ የመስመሩ ግፊት ቀን ከሚለካው ከፍ ይላል፤ ጠዋት ሲነሡ ወለሉ ረጥቦ፣ ቀን ግን ደርቆ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቫልቩን በቅጽበት ሲዘጋ በመንገድ ላይ ያለው ውኃ ተመልሶ ቧንቧውን ይመታል፤ ይህ ምት ለቅጽበት ከመለኪያው ንባብ በጣም ሊበልጥና የፕላስቲኩን ጥርሶች ቀስ በቀስ ሊያደክም ይችላል። በመስመሩ ላይ ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ ካለ ደግሞ፣ የውኃ ማሞቂያው ሲሞቅ የሚያብጠው ውኃ መሄጃ ያጣና ግፊቱን ያንረዋል። እኛ ዘንድ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ከማጣሪያው በፊት የተገጠመው ግፊት መቀነሻ ቫልቭ ነው፤ በ3 እና በ4 ባር መካከል ከተስተካከለ ወዲህ የጠዋቱ እርጥበት ቀርቷል። ይህን ዕቃ አምራቹ «አማራጭ» ይለዋል፤ እኔ ከማጣሪያው ጋር አብሮ መሸጥ ነበረበት ባይ ነኝ። ሻጩ በበኩሉ የሚያፈስሰው ካርትሪጁ ስለተደፈነ ነው ብሎ አዲስ ሊሸጥልን ሞክሮ ነበር። የተደፈነ ካርትሪጅ ወደ ቤት የሚደርሰውን ውኃ ያቀጥናል እንጂ በቋቱ ውስጥ ከመስመሩ በላይ የሆነ ግፊት አይፈጥርም።

በአየሩ እርጥበት ወቅት ቋቱ ያልበዋል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ስለያዘ ነው። ከመደናገጥ በፊት ሁሉንም በደረቅ ወረቀት ጠርጎ መጠበቅ ነው፦ እርጥበቱ መላ ገላውን እኩል ከሸፈነው ላብ ነው፤ ከአንድ መጋጠሚያ ተነሥቶ ወደ ታች ከወረደ ግን ያፈስሳል። በሴኮንድ አንድ ጠብታ እንኳ በቀን ከ4 ሊትር በላይ ይሆናል፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ለተገጠመ ማጣሪያ ይህ ብዙ ነው።

ፕላስቲኩም ዕድሜ አለው። ብዙ አምራቾች ግልጽ የሆነውን ቋት በ5 ዓመት፣ ግልጽ ያልሆነውን በ10 ዓመት ገደማ መለወጥን ይመክራሉ፤ ግልጹ ለቀለም መቅጠኛና ለመሰል ኬሚካሎች ትነትም ይበልጥ ስስ ነው። የእኛው ግልጽ በመሆኑ ደለሉን ማየት ደስ ያሰኛል፤ ዳግመኛ ብገዛ ግን ግልጽ ያልሆነውን ሰማያዊ እመርጣለሁ።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ። አንዱን ኮከብ የቀነስኩት ለፕላስቲኩ አፍ ነው፤ ሌላውን ደግሞ ቀለበቱ ለብቻው ስለማይሸጥ ነው፤ ሻጩ ያለው አማራጭ ሙሉውን ቋት መግዛት ብቻ ነበር። ለመግዛት ያሰበ ሰው ከክፍያው በፊት ቀለበቱ ለብቻው እንደሚገኝ ይጠይቅ፤ ዋስትናውንም እስከ መጨረሻው መስመር ያንብብ፤ የእኛው የተሰነጠቀውን ክዳን ይተካል እንጂ ከሥሩ ላበጠው እንጨት ምንም አይከፍልም።