ባለ ዕንቁዋን ልጅ ላስጨረሰኝ ሰዓሊ ምስጋና

ድሬዎች፣ ሥዕል መማር የሚያምራችሁ ካላችሁ ይቺን አንብቡልኝ።

በ52 ዓመቴ ሥዕል ልማር ስል ያልሳቀብኝ የለም። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ (ስሙን አልጠራም፣ ለፈጣሪ ሰጥቻቸዋለሁ) የሦስት ወር ክፍያ አስቀድመው ተቀበሉኝ። አስተማሪው ብቅ ያለው አራት ቀን ነው፤ እሱንም ስልኩ ላይ አፍጥጦ። እንስራና ሣጥን ስሥል ከርሜ፣ የሰው ፊት ልሞክር ስለው «እናት፣ አሁን ለእርስዎ ምን ይሠራልዎታል?» ብሎ በልጆቹ ፊት ሳቀብኝ። ብሩስ ይሁን፤ ያቺ ሳቅ ግን እስከዛሬ ታንገበግበኛለች።

ከዚያ ከዚራ ሰፈር ያለ አንድ ወጣት ሰዓሊ ጠቆሙኝ። «ምን መሣል ያምርዎታል?» አለኝ። ስልኬ ላይ ያኖርኳትን ባለ ዕንቁ ጉትቻዋን ልጅ አሳየሁት፤ ሆላንዳዊው ቬርሜር በፈረንጆቹ 1665 ገደማ የሣላትን። «በሷው እንጀምራለን» አለ፣ አለቀ። በልኳ አሳትሞ አመጣልኝ፣ 44.5 በ39 ሴንቲ ሜትር። እኔ ግድግዳ የምታክል መስሎኝ! ከመሶብ ክዳን አትበልጥም።

ስለ ቀለሙ አደራረብ ብዙ አስረድቶኛል፣ አልገባኝም፣ እጄ ግን ለመደው። ጉትቻው ላይ ስደርስ ጉድ ሆንኩ። ክብ አስምሬ ብሞላው የተቀቀለ እንቁላል መሰለ። ሦስቴ አጠፋሁት። ብሩሹን ከእጄ አልቀማኝም። ፎቶዋን አስጠግቶ «እናቴ፣ እስቲ መስመሩን ያሳዩኝ? መንጠቆውስ የታል?» አለኝ። ብፈልግ የለም! ከላይ አንዲት ደማቅ ነጭ ጠብታ፣ ከታች የአንገትጌዋ ፈዛዛ ነጸብራቅ፣ ሌላው ጥላ ነው። ሁለቴ ነካ ነካ አደረግኩት፤ ዕንቁ ሆኖ ቁጭ።

አለቀስኩ፣ አልደብቃችሁም። እናቴ የሰርጓን ጉትቻ ሸጣ ነው እኔን ያስተማረችኝ። ቀዳዳው እንዳይደፈን ጥቁር ክር አስራበት ኖረች፤ በዚያው ክር ሞተች። ልጁ ምንም አልጠየቀኝም፤ ወጥቶ ሻይ ይዞልኝ መጣ።

አቦ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ይብዛልን! ልጆቻችሁን ውሰዱ፣ ራሳችሁም ሂዱ፣ ዕድሜዬ አልፏል እንዳትሉ። ዓይነ አፋር ስለሆነ «ስሜን እንዳይለጥፉ» ብሎኛል፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ጠዋት ሂዱ ታዲያ፤ ከሰዓት በኋላ በዚህ ሙቀት ቀለሙ ሳህኑ ላይ እንዳለ ይደርቃል።