ስፖንዳው ዝቅ ያለ ነው፤ በቃ!

ከቤት መኪና የተሠራውን ይሄን ትንሽ ፒካፕ ዘጠኝ ወር ነዳሁት። ስለ ሞተሩ ብዙ የምለው የለኝም። ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ነዳጅም አይጨርስብኝም። የምጽፈው ስለ ስፖንዳው፣ ዕቃ የሚጫንበትን ካሶኒ ስለሚከበው ግድግዳ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከጎረቤቴ ጋር አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጫንን። ሁለታችንም ጉልበታችን ድሮ ቀርቷል። ማሽኑን ጋደል አድርገን አንዱን ጫፍ ካሶኒው ጠርዝ ላይ አሳረፍነው፤ ከታች ገፋ ስናደርገው ገባ። "አለቀ?" አለኝ። አለቀ። የድሮው ፒካፔ ቢሆን ሦስተኛ ሰው እንጠራ ነበር፤ እኔም ሌሊቱን ወገቤን ሳሽ አድር ነበር። በዚያኛው ካሶኒው ወለል ላይ የወደቀ ብሎን ለማንሳት ጎማው ላይ መውጣት ነበረብኝ። አሁን ጎኑ ላይ ቆሜ እጄን መስደድ ብቻ ነው።

የተለመደው ፒካፕ ሻሲ በሚባል የብረት አጽም ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ጋቢናው ለብቻ፣ ካሶኒው ለብቻ። ይሄኛው ከስሩ የቤት መኪና ነው፤ ለብቻው የሚቆም ሻሲ የለውም። ለዚህ ነው ወለሉ ዝቅ የሚለው። የተደራረበ የብረት ሞላ፣ ባሌስትራ የሚሉትም ስለሌለው ባዶውን ሲሄድ እንደ ፍየል አይዘልም።

ሻጩ "ይሄማ ጀርባው የተቆረጠ የቤት መኪና ነው" እያለ ትልቁን ፒካፕ ሊያሸክመኝ ስንት ለፋ! አዎ ወንድሜ፣ ነው። ሲጀመርም ሐሳቡ ይሄው ነበር። አውስትራሊያ ውስጥ አንዲት የገበሬ ሚስት ለፎርድ ደብዳቤ ጻፈች ይባላል፦ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰን፣ ሰኞ አሳማዎቹን ገበያ የሚወስድልን መኪና ሥሩልን ብላ። ሉ ባንድት የሚባል ወጣት መሐንዲስ ጋቢናውንና ካሶኒውን አንድ አካል አድርጎ ነደፈላት፤ መኪናው እ.ኤ.አ. በ1934 ወጣ። አውስትራሊያውያን እስከዛሬ "ዩት" ይሉታል።

"ጊዜው አልፎበታል" የሚለውንም ሰምቻለሁ። እርግጥ በአሜሪካ ራንቼሮና ኤል ካሚኖ የሚባሉ እንደዚህ ያሉ ፒካፖች እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1959 መጥተው፣ ኤል ካሚኖም እ.ኤ.አ. በ1987 ቀርቷል። የአውስትራሊያው መኪና አምራች ሆልደንም እ.ኤ.አ. በ2017 እዚያ ማምረት አቆመ። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2021 ማቨሪክና ሳንታ ክሩዝ የሚባሉት የዚሁ ዓይነት ፒካፖች ከየት መጡ? በዚያው ዓመት ብራዚል ውስጥ ከመኪና ሁሉ በላይ የተሸጠው ትንሹ ፒካፕ፣ ፊያት ስትራዳ አልነበረም እንዴ?

ካሶኒው አጭር ነው፤ አልክድም። መሰላል ስጭን ግማሹ ውጭ ይቀራል። ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬ፣ መስታወቱን እያየሁ ቀስ እያልኩ ነው የምነዳው። አንድ ቀን ዝናብ ላይ ገመዱ ላልቶብኝ መንገድ ዳር ቆሜ ሳጠብቅ፣ ያን ሻጭ አስታውሼ "ሰውዬው እውነቱን ሳይሆን አይቀርም" ብዬ ነበር። ግን መሰላል የምጭነው በወር አንዴ ነው። ወገቤን ደግሞ በየቀኑ ይዤው ነው የምዞረው።

ትናንት ጎረቤቴ በር አንኳኳ። ፍሪጅ አለኝ አለ። ሰው ልጥራ ወይ ብሎ እንኳን አልጠየቀኝም።