ለማኑሽ ጃዝ የተመረጠ ፒክአፕና አምፕሊፋየር፦ ከአሥራ አንድ ወር አገልግሎት በኋላ

በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ በፓሪስ ዳርቻ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ካፌ ውስጥ ከሌላ ጊታር፣ ከቫዮሊንና ከኮንትራባስ ጋር ማኑሽ ጃዝ እጫወታለሁ፤ ይህም ጊታሪስቱ ጃንጎ ራይንሃርት በ1930ዎቹ በፈረንሳይ ያስጀመረው የጃዝ ዓይነት ነው። ጊታሬ የፈረንሳዩን የሰልመር ኩባንያ የቀድሞ ጊታር ተከትሎ የተሠራ ነው፤ ማርዮ ማካፌሪ እ.ኤ.አ. በ1932 የነደፈውን ባለ ትልቅ ቀዳዳ ሳይሆን፣ እርሱ ከሄደ በኋላ የመጣውንና ጃንጎ ራይንሃርት ይበልጥ የሚታወቅበትን ባለ ትንሽ ሞላላ ቀዳዳ ዓይነት ይመስላል።

ፒክአፕም (የጊታሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠው ዕቃ) ሆነ አምፕሊፋየር (ምልክቱን አጉልቶ በስፒከር የሚያሰማው፣ ባጭሩ አምፕ) ለመምረጥ መነሻው ይህ ሙዚቃ ከጊታር የሚጠብቀው ሥራ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1934 ጃንጎና ቫዮሊን ተጫዋቹ ስቴፋን ግራፔሊ የተጫወቱበት ኪንቴት (ባለ አምስት ሰው ቡድን) ሲመሠረት ከበሮ አልነበረውም። የከበሮውን ቦታ የያዙት ሁለቱ አጃቢ ጊታሮች ነበሩ፤ ኮርዱ (አብረው የሚመቱት ክሮች ድምፅ) በኃይል ይመታና ወዲያው በግራ እጅ ይታፈናል። «ላ ፖምፕ» የሚባለው አመታት ይህ ነው። ስለዚህ ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ያን አጭርና ደረቅ ምት ሳያደበዝዝ ማስተላለፍ የማይችል መሣሪያ ለአጃቢ ጊታር አይሆንም።

እኔ ግን በመጀመሪያ የገዛሁት አምፕሊፋየሩን ነበር፤ ኤኢአር ኮምፓክት 60ን። ዛሬ ቢሆን ከፒክአፑ እጀምር ነበር፤ ፒክአፑ ያልያዘውን ድምፅ የትኛውም አምፕ ሊጨምረው አይችልምና።

የሞከርኩት የመጀመሪያው ፒክአፕ በቀዳዳው ላይ የሚቀመጥ ማግኔታዊ ነበር። ጃንጎ ራሱ ከጦርነቱ በኋላ በፈረንሳይ በተሠራው ስቲመር ፒክአፕ ተጫውቷል፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ቅጂዎቹ የሚሰማው ወፍራምና ትንሽ ሻካራ ድምፅም ከዚህ የማግኔት ባሕርይ የመጣ ነው። ማግኔት የሚያነበው የብረቱን ክር እንጂ እንጨቱን ስላልሆነ፣ ድምፁ ከፍ ቢልም አምፕሊፋየሩ በቀላሉ አያፏጭም። ችግሩ ከክሮቹ ይመጣል፦ በዚህ ጊታር ላይ የሚታሰሩት ወፍራሞቹ ክሮች በብር የተለበጠ መዳብ የተጠመጠመባቸው ናቸው። ማግኔቱ ከእነዚህ የሚሰማው የውስጡን ቀጭን ብረት ብቻ በመሆኑ፣ ሁለቱ ቀጫጭን ክሮች ከሌሎቹ በላይ ይጮኻሉ። ለሶሎ ወድጄዋለሁ፤ አጃቢ ስሆን ግን የእንጨቱ ምት ጠፋብኝ።

ከሦስት ወር በኋላ በብሪጁ (ክሮቹ በሚያርፉበት እንጨት) ውስጥ የተቀበረ ፒዬዞ፣ ማለትም በማግኔት ሳይሆን የእንጨቱን ንዝረት በማንበብ የሚሠራ ፒክአፕ፣ አስገጠምኩ። የዚህ ጊታር ብሪጅ በሙጫ አልተጣበቀም፤ በክሮቹ ጫና ብቻ ነው የሚቆመው። በመጀመሪያው ሳምንት ወፍራሞቹ ክሮች ደካማ ሆነው ተሰሙ። ጊታር ሠሪው መርምሮ የብሪጁ እግሮች ቅስት ባለው የፊት እንጨት ላይ ሙሉ በሙሉ እንዳላረፉ አገኘ፤ የብርጭቆ ወረቀት በእንጨቱ ላይ ዘርግቶ እግሮቹን በቅስቱ ልክ ከሞረዳቸው በኋላ ስድስቱም ክሮች እኩል ሆኑ። ፒዬዞ ለማስገጠም የሚያስብ ሰው ይህን ሥራ ከዋጋው ጋር አብሮ ያስበው።

ሌላው ትምህርት የመጣው አምፑን ትቼ ጊታሩን በቀጥታ በካፌው ሚክሰር ላይ በሰካሁበት ማታ ነው። ቤዙ ጠፍቶ ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ቀጠነ። ፒዬዞ ከፍተኛ ኢምፒዳንስ (በኦም የሚለካ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) ያለው ምንጭ ስለሆነ፣ ቢያንስ 1 ሜጋኦም ያህል መግቢያ ባለው መሣሪያ ካልተቀበሉት ወፍራሙ ድምፅ አስቀድሞ ይጠፋል፤ የብዙ ሚክሰሮች የመስመር መግቢያ ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። አሁን ሁልጊዜ በመጀመሪያ ወደ አምፑ፣ ከዚያም በጀርባው ካለው መውጫ ወደ ሚክሰሩ እልካለሁ።

አምፑን በተመለከተ ብዙ የሚነገር የለኝም፤ ይህም ለእኔ ምስጋና ነው። 60 ዋት ጉልበትና አንድ ባለ 8 ኢንች ስፒከር አለው፤ ክብደቱ 6.5 ኪሎ ያህል ስለሆነ ከጊታሩ ጋር በሜትሮ ይዤው እሄዳለሁ። ሁለት ቻናል ስላለው በሁለተኛው ላይ አንዳንዴ የቫዮሊኑን ማይክሮፎን እሰካለሁ። አርባ ያህል ሰው በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ድምፁን ከግማሽ አሳልፌ አላውቅም። በግቢ ውስጥ፣ አኮርዲዮን ሲጨመር፣ በዚህ መጠን ያለ ማንኛውም አምፕ ብቻውን ስለማይበቃ ወደ ትልልቆቹ ስፒከሮች እንልከዋለን።

ካፌ ውስጥ አምፑን ከኋላዬ ሳይሆን ከጎኔ፣ በወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ። የዚህ ጊታር የፊት እንጨት ቀጭንና ቀላል በመሆኑ ስፒከሩ ፊት ለፊት ሲያገኘው ወፍራሙን ድምፅ መልሶ እያስተጋባ ይጮኻል፤ በእኔ ጊታር ችግሩ በ180 ኸርዝ አካባቢ ስለሚጀምር ቤዙን ትንሽ ዝቅ አደርገዋለሁ። ከ3 ሚሊሜትር የሚወፍረውን መምቻዬን ፒዬዞው አጋንኖ ስለሚያሰማውም ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) በእጅጉ እቀንሳለሁ።

ማግኔታዊውን ፒክአፕ አልሸጥኩትም። ሶሎ የምጫወትባቸው ማታዎች ሲኖሩ በቀዳዳው ላይ እመልሰዋለሁ፤ በሌሎቹ ሐሙሶች ግን ጊታሩ የሚሰማው በብሪጁ ፒዬዞ ነው።