«አካውንቱ ተከፍቶለታል» ተብሎ የሚሸጥ የልጅ ታብሌት እንዳለ እንዳትቀበሉ

በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢት፣ በመሐል ሜዳም ሆነ በዓለም ከተማ ለልጅ ታብሌት ልትገዙ ያሰባችሁ ወላጆች፣ ሻጩ «አካውንቱ ተከፍቶለታል፣ ጌሙም ተጭኖለታል፣ ልጁ ወስዶ መጫወት ብቻ ነው» ካላችሁ ብሩን ገና ከኪስ አታውጡ። እንደ ምርቃት የቀረበላችሁ ነገር ዋናው ጣጣ እሱ ነው።

ዕቃውን ታውቁታላችሁ። ባለ 7 ኢንች ነው፣ ዙሪያውን ሰማያዊ ወይም ሮዝ ስፖንጅ መሳይ ጎማ ለብሷል፣ ከኋላው እጀታ አለው። ካርቶኑ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ አንድ ጂሜይልና ፓስወርድ ተጽፏል፤ ፓስወርዱ የሱቁ ስምና 1234 ቢሆን አይግረማችሁ። ያ ጂሜይል የልጃችሁ አይደለም፣ የሻጩ ነው። የተከፈተው በሱ ስልክ ቁጥር ነው፣ ዕድሜውም የአዋቂ ነው። አንዱን ጂሜይል ለብዙ ታብሌት የሚጠቀም ሻጭም አለ።

ይህ ምን ያመጣል? ፎቶ ማስቀመጫው ከተከፈተ ልጁ ያነሳው ፎቶ ያንን ጂሜይል ወደያዘ ሰው ሁሉ ይሄዳል፤ የማታውቁት ሰው ፎቶም እናንተ ቤት ይመጣል። የጂሜይሉ ባለቤት ታብሌቱ የት እንዳለ በካርታ ማየት፣ ከሩቅ መቆለፍ፣ ውስጡን ማጥፋት ይችላል። ሻጩ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ግን ፓስወርዱ ካርቶን ላይ የተጻፈ አካውንት ስንት ሰው እጅ እንደገባ እሱም አያውቅም። አካውንቱ የአዋቂ ስለሆነ ደግሞ ፕሌይ ስቶርም ዩቲዩብም ልጃችሁን እንደ አዋቂ ያስተናግዱታል።

የባሰው ጎግል ሎክ ነው። አንድሮይድ ከ5.1 ጀምሮ ለሌባ መከላከያ ተብሎ የተሠራ ቁልፍ አለው። ልጁ ፓተርኑን ረስቶ ጠጋኝ ጋ ወሰዳችሁት እንበል። ጠጋኙ ፓወርና ቮልዩም አንድ ላይ ተጭኖ ፎርማት ያደርገዋል፤ ታብሌቱ ሲነሳ «ቀድሞ እዚህ ላይ የነበረውን አካውንት አስገባ» ይላል። ፓስወርዱ ተቀይሮ ከሆነ፣ ወይም ጎግል አካውንቱን ተጠራጥሮ ኮድ ወደ ሻጩ ስልክ ከላከ፣ ታብሌቱ ከመክተፊያ አይሻልም። ባይፓስ የሚያደርጉ፣ ማለትም ቁልፉን በዘዴ የሚያልፉ አሉ፤ ሁልጊዜ አይሳካም፣ ሲሳካም ምንጩ ያልታወቀ ሶፍትዌር ውስጡ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ሱቁ ውስጥ እንዲህ አድርጉ። ሴቲንግ ውስጥ «አካውንትስ» የሚለውን ከፍታችሁ የተቀመጠ ጂሜይል ካለ ሻጩ ራሱ ያስወጣው። ቀጥሎ እዚያው ሴቲንግ ውስጥ «ሲስተም»፣ ከዚያ «ሪሴት» ገብቶ ሁሉንም ያጥፋ። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም፦ ጂሜይሉ ሳይወጣ በፓወርና በቮልዩም ፎርማት ከተደረገ የነገርናችሁ ቁልፍ ይመጣል። ሲጨርስ ቋንቋ የሚያስመርጠው የመጀመሪያ ገጽ መታየት አለበት። አማርኛም እዚያ ዝርዝር ውስጥ አለ። ከራሳችሁ ስልክ ሆትስፖት ክፈቱና ኢንተርኔት አስይዙት፤ የድሮ አካውንት ከጠየቀ ታብሌቱን ለሻጩ መልሱለት። «ጊዜ ይፈጃል፣ ቤት ሄዳችሁ አድርጉት» ካለ እዚያው ላይ ንግዱ ይቁም።

ሪሴቱ በዜንደር (ፋይል ከስልክ ወደ ስልክ በሚያስተላልፈው አፕ) የተጫኑትን ጌሞችም ይዞ ይሄዳል፤ አይቆጫችሁ። በየደቂቃው የቁማር ማስታወቂያ የሚያመጡት እነሱ ናቸው።

የልጁን አካውንት ራሳችሁ ክፈቱ። መጀመሪያ በራሳችሁ ስልክ ቁጥር የተከፈተ ጂሜይል ይኑራችሁ፣ ስልካችሁ ላይም ፋሚሊ ሊንክ የሚባለውን የጎግል የወላጅ መቆጣጠሪያ አፕ ጫኑ። ታብሌቱ ጂሜይል ሲጠይቅ «አካውንት ክፈት» ከዚያ «ለልጄ» የሚለውን ምረጡ። ስም ይጠይቃል፣ የልደት ቀን ይጠይቃል፣ ቀጥሎ የወላጅ ጂሜይል አስገቡ ይላል።

የልደት ቀኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሚጠየቀው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 5 ቀን 2011 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ኦክቶበር 15 ቀን 2018 ነው። 2011 ብላችሁ ካስገባችሁ የ7 ዓመቱ ልጅ 14 ዓመት ሆኖ ይመዘገባል፤ ጎግል 13 የሞላውን እንደ ሕፃን ስለማያይ የወላጅ ፈቃድ ሳይጠይቅ ተራ አካውንት ይከፍትለታል። «ለልጄ ብዬ ከፍቼ ቁጥጥሩ እንቢ አለኝ» ለሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ቀን ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ለተወለደ 7፣ ከዚያ ወዲህ ለተወለደ 8 ደምሩ። የክርስትና ወይም የክትባት ካርዱን አጠገባችሁ አድርጉ።

አካውንቱ ከተከፈተ በኋላ በፋሚሊ ሊንክ የቀን ሰዓት ገደብና የመኝታ ሰዓት ስጡ፣ አዲስ አፕ ሲጭን እናንተን እንዲያስፈቅድ አድርጉ። ልጁ ፓስወርድ ቢረሳ ከስልካችሁ ትቀይሩለታላችሁ። ሲም የሚወስድ ታብሌት ከሆነ ፕሌይ ስቶር ውስጥ አፕ በራሱ የሚታደሰው በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን አድርጉ፤ አለዚያ የወር ጥቅሉ በሁለት ቀን ያልቃል።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። «8+256» (8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ስቶሬጅ ለማለት ነው) የሚል ባለ 7 ኢንች ርካሽ ታብሌት ተከፍቶ ሲታይ ራሙ 1 ወይም 2 ጊጋ፣ ስቶሬጁ 16 ወይም 32 ይሆናል። ሴቲንጉ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ራሱ ተለውጦ ስለሚመጣ እዚያ ማየት አይበቃም። አንዳንዱ ደግሞ ከስቶሬጁ ቆርሶ «ራም» ብሎ ይደምራል። ሁለት መፈተኛ አለ። አንደኛው «አባውት» ውስጥ ከርነል (አንድሮይዱ የቆመበት መሠረት) የሚለውን መስመር ማየት ነው፤ አንድሮይድ 12 ወይም 13 እያለ ከርነሉ በ3 ከጀመረ ስሙ የተቀባ ነው። ሁለተኛው በኦቲጂ (ፍላሽ ከታብሌት ጋር በሚያገናኘው ማገናኛ) ፍላሽ ሰክታችሁ ትልልቅ ፊልም መገልበጥ ነው። 64 ጊጋ ከተባለ 4 ጊጋ የሚሆን ፊልም አምስት ስድስቴ ገልብጡና የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ክፈቱ። ውስጡ 16 ከሆነ ሦስተኛው ላይ ይቆማል ወይም የተገለበጠው አይከፈትም።

ፕሌይ ስቶር ውስጥም ፕሮፋይሉን፣ ሴቲንግን፣ «አባውት»ን ክፈቱና ፕሌይ ፕሮቴክት በሚለው ሥር ዕቃው «ሰርቲፋይድ»፣ ማለትም በጎግል የተረጋገጠ መሆኑን እዩ። ካልሆነ የልጅ አካውንት ቁጥጥሩ ላይሠራ ይችላል። ነገሩ የቁጥጥር ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለ የአሜሪካ ድርጅት አንድ ርካሽ የልጆች ታብሌት ፈትሾ ገና ሳይነካ የጎጂ ሶፍትዌር ርዝራዥ አግኝቶበታል። ከፋብሪካ የመጣ ነገር በሪሴት አይጠፋም።

«የልጆች ሞድ አለው» የሚባለውን በ10 ሴኮንድ ትፈትኑታላችሁ። ሞዱ ውስጥ ሆናችሁ ከላይ ወደ ታች ሳቡ፤ የሴቲንግ ጥርሷ መጥታ ከተከፈተች፣ ወይም አጥፍታችሁ ስታበሩት ተራው ገጽ ከመጣ፣ ያ ሞድ ሥዕል እንጂ ቁልፍ አይደለም።

ደረሰኝ ሳትይዙ አትውጡ፣ ሞዴሉና የተነገራችሁ ራምና ስቶሬጅ ይጻፍበት። በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበትን ዕቃ በገዛችሁ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ብራችሁ እንዲመለስ መጠየቅ ትችላላችሁ። «አዲስ አበባ ላስመጪው ልኬዋለሁ፣ መልሱ ሲመጣ እደውላለሁ» የሚባለው ቀኑ እስኪያልፍ ነውና ቅሬታችሁን ቀን ጽፋችሁ ስጡት፣ ቅጂው እናንተ ጋ ይቅር። እንቢ ካለ የከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት የሚጠይቃችሁ እነዚያኑ ሁለት ወረቀቶች ነው።

ቀድማችሁ የገዛችሁና ጂሜይሉ አሁንም የሚሠራላችሁ፣ የልጁን ፎቶዎች ወደ ፍላሽ ገልብጡ፣ ከሻጩ አካውንት ላይም አጥፉ፣ ከዚያ ጂሜይሉን አስወጥታችሁ ከሴቲንግ ሪሴት አድርጉት። ፓስወርዱ እየሠራ ሳለ ዛሬውኑ ይሁን።